የአክስቴ ቤት ጭስ

ትናንት ከገበያ በተገዛልኝ የቀርከሃ ምንጣፍ ላይ የደከመ ጎኔን ባሳርፍ፣ ጭስ ያልጠገበው የእርጥብ ቀርከሃ ሽታ አክስቴን ሐሊማን አመጣብኝ። የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እዚሁ አሶሳ አጠገብ፣ ከቤታችን ጀርባ ትኖር ነበር፤ ስትስቅ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ይበረግጋል፤ የእናቴን የባሚያ ወጥ ሳታማ አትበላም፣ አምታም አትተውም።

ያን ጊዜ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ለገዢው የምንገብረው ወርቅ ነው። ወርቁ የሚታጠበው ደግሞ ጅረቱ በሚሞላበት፣ ማሽላው በሚታረምበት በዚያው ክረምት ነውና፣ ትልቅ ትንሹ ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብለን አሸዋ ስናጥብ ማሳችንን አረም ይውጠው ነበር። የተራበ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሱዳን ይሄዳል፤ እዚያ ያረሱትን መብላት ይቻላል ይባላል። የሄደው ሰው ግብር በቀረው መንደርተኛ ላይ ተከፋፍሎ ይጫናል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። የቀረውም በተራው ይሄዳል።

አክስቴም ከባሏና ከልጆቿ ጋር ተነሳች። የቀርከሃ ቤት ጭስ ካጣ ነቀዝ ይበላዋልና፣ «እሳቱን አደራ፣ እመለሳለሁ» አለቻት እናቴን። እናቴም በየማለዳው ፍም ወስዳ በባዶው ቤት ታነዳለች፤ እኔም ጭራሮ ተሸክሜ እከተላታለሁ፤ እህቷ እቤት ያለች ይመስል ስትነጫነጭባት እየሰማሁ እስቅ ነበር።

የግብሩ ወርቅ ሰብሳቢ መጥቶ ጎጆዎቹን ሲቆጥር የአክስቴን ቤት ጭስ አየና፣ «ጭስ ካለ ሰው አለ» አለ።

«ወላሂ ጌታዬ፣ ሰው የለም! ሚስቴ ናት፣ ቤቱ እንዳይነቅዝ የምታነደው» አለ አባቴ።

«ለባዶ ቤት ማን እሳት ያነዳል?» ብሎ ሳቀና የአክስቴን ግብር ሙሉውን በእኛ ብቻ ላይ ጨመረው። ያን ክረምት ለሁለት ቤት አጠብን፤ ማሽላችን ከአረም ሳይወጣ ቀረ፤ ለዘር ያስቀመጥነውንም በላነው። አባቴ እናቴን በዚህ አልወቀሳትም። እሷ ግን አንድ ጠዋት ውሃ ይዛ ገብታ እሳቱን አጠፋችው፤ ከዚያም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እናቴ ስታለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ፈራሁ።

ቤቱ ብዙ አልቆየም። ከወደቀ በኋላ በአንዱ በጋ አክስቴ ከስታ፣ ሕፃን አዝላ መጣች። ሱዳንም እንደተወራው አልነበረም፤ ባሏና ልጆቿ ኋላ ሊከተሏት፣ እሷ ቀድማ እዚሁ ልትቀር ነበር የመጣችው። እናቴ ስለ ወርቁ ትንፍሽ አላለችም፤ «ነቀዝ በላው» ብቻ አለቻት። አክስቴ የቤቷን ቦታ ቆማ አየችው። የቀረበላትን ወጥ ሳታማ በላች፤ በማግስቱ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ አላየናትም። ልጆቿንም ዛሬ ገበያ መሃል ባገኛቸው አላውቃቸውም።