የሼህ ይማም እግር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ለነፍስ አባቴ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ዘክዝኬ እዚህች ጋ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ስለ ሣር ነው ብል ይስቁብኝ ይሆን? አዎ፣ ስለ ሣር ነው። እናንተም ሳቁብኝ።

በሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የእንስሳት መኖ ባለሙያ ነበርኩ። ለበጋ የሚቆይ መኖ፣ ገፈራ የምንለውን፣ እንዴት እንደሚሠራ አስተምር ነበር። ዝሆኔ ሣሩ በእርጥቡ ተከትፎ ጉድጓድ ይገባል፤ ሞላሰስ፣ ያ ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ወፍራም ጣፋጭ ዝቃጭ፣ በውሃ ቀጥኖ ይርከፈከፍበታል፤ አየሩ እስኪወጣ ይረገጣል፤ ከዚያ ላስቲክ ለብሶ አፈር ይጫነዋል። ሞላሰስ ካነሰው ይበሰብሳል። አላወቅኩም ልል አልችልም፤ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ከወልድያ በሚኒባስ አናት ላይ ሁለት ጀሪካን ሞላሰስ መጣልኝ፣ ለሁለት ጉድጓድ። አንዱ ጉድጓድ መንገድ ዳር ያለው የሞዴል ገበሬው ነው፤ እንግዶች መጥተው የሚጎበኙት እሱን ነው። ሌላው ከጋራው ሥር፣ መኪና የማይደርስበት፣ የሼህ ይማም ነው። ሼህ ይማም አዛውንት ናቸው። ያለቻቸው ቦራ የምትባል አንዲት ላም ናት። ለእሷ ያሰቡትን ሣር በሙሉ አጭደው፣ እኔን አምነው ጉድጓድ ከተቱት።

እኔስ ምን አደረግሁ? የመንገድ ዳሩ እንዲያምርልኝ አንዱን ጀሪካን ሙሉውን፣ ከሁለተኛውም አብዛኛውን እዚያ ደፋሁት። ለሼህ ይማም በተረፈው ጭላጭ ላይ ውሃ ሞላሁበት። እኔ ነኝ የሞላሁት፤ ማንም አላዘዘኝም። እሳቸው ደቦ ጠርተው፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው ከጎረምሳው ቀድመው ገቡ። መንዙማ እያወጡ፣ ሰው እየተቀበላቸው ረገጡ። የዚያን ቀን ከእሳቸው በላይ የረገጠ አልነበረም።

መክፈቻው ቀን ደረሰ። የመንገድ ዳሩ ሽታው ልብ ይሰርቃል፤ እንግዶቹ አጨበጨቡልኝ። እነሱ ሲሄዱ ደቦ ከወጡት ጎረቤቶች ጋር ወደ ሼህ ይማም ሄድን። ላስቲኩ ሲነሳ ጥቁር፣ የሚያሙለጨልጭ፣ የሚከረፋ ነገር ወጣ። ቦራ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያኔ አፌን ከፍቼ፣ «በደንብ አልተረገጠም፤ አየር ገብቶበታል» አልኩ።

ሼህ ይማም እግራቸውን ቁልቁል አዩ።

«እንግዲያ እግሬ ደክሟል ማለት ነው» አሉ። «አንተማ ምን ብለህ ትዋሸኛለህ፣ ልጄ!»

ምነው ያኔ በረገሙኝ! «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ፤ የኔ እኮ ወለምታም አልነበረም፣ እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። በጋው ሳይጋመስ ቦራን መርሳ ገበያ ነድተው ሸጧት። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በከርሞው ደቦ ጎረምሶቹ «ሼኹ ከገቡማ ሣሩ ይበሰብሳል» እያሉ ቀለዱባቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ጉድጓድ ገብተው አያውቁም።

እኔ የሥራ ዕድገት አግኝቼ ወልድያ ገባሁ። ባለፈው ወር ለሥራ ወደዚያው ቀበሌ ስሄድ አገኘኋቸው፤ ልጃቸው ላም ገዝቶላቸው ገፈራ እያስረገጡ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መንዙማውን ለሌሎች እግር ያወጣሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«አልሐምዱሊላህ፣ መጣህልኝ! ና፣ አንተ ርገጥልኝ፤ ያንተ እግር የተማረ ነው» አሉኝ።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። አሁን ልንገራቸው፣ አሁን ልንገራቸው እያልኩ ረገጥኩ። ሣሩ አለቀ፤ አልነገርኳቸውም። መርቀው ሸኙኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥም መቆምም አቅቶኛል። ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው ልበል? አልልም። ይቅርታም ከእናንተ አልለምንም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ባለቤቱ በሕይወት አሉ። ከወልድያ መርሳ ምን ያህል መንገድ ሆኖ ነው? እኔ ግን እዚህ ተቀምጬ ለእናንተ እጽፋለሁ።

የሼህ ይማም እግር ምንም አልሆነም ነበር።