ዳቦ ቆሎ ለመጻሕፍት ክለብ

እናቴ ጀርመን አገር ወዳጅ አልነበራትም እያልኩ ለሰው ሳወራ ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። አንዲት ወዳጅ ልታገኝ ተቃርባ ነበር፤ ያባረርኩባት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ይቅር በሉኝ ለማለት አይደለም። የሚያውቁኝ ሰዎች «ለእናቷ እንዴት ያለች ልጅ ናት» እያሉ ሲያመሰግኑኝ መስማት ስላንገሸገሸኝ ነው።

ነገሩ የመጣው በፖስታ ነው። ያን ጊዜ መጽሐፍና ሙዚቃ በፖስታ የሚልኩ ክለቦች ነበሩ። አንዴ የፈረመ ሰው በየሦስት ወሩ ካታሎግ ይደርሰዋል፤ አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ ሲዲ መርጦ ካርዱን ሞልቶ ይልካል። ካልመረጠ እነሱ የወደዱትን መርጠው ይልኩለትና ያስከፍሉታል። እናቴ የፈረመችው ከሥራ ስትመለስ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግታ የቆመች አንዲት ፈገግተኛ ልጅ ጃንጥላ በነጻ ስለሰጠቻት ነው። «ጃንጥላዋን ተቀብዬ ፊርማ ልከልክላት?» አለችኝ። ለእሷ ያ ውል አልነበረም፤ ትውውቅ ነበር።

የምንኖረው ፍራንክፈርት፣ ሪደርቫልድ በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለታችን ብቻ ነበር። እናቴ ቬስትኤንድ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ያሉ ቢሮዎችን ታጸዳለች፤ እሑድ እሑድ በኪራይ አዳራሽ ከሚሰበሰቡ ወገኖች ጋር ትዘምራለች። ከዚያ ውጪ የሚጽፍላት ቢኖር መንግሥት ነው፣ የመንግሥትን ደብዳቤ ደግሞ ገና ፖስታውን ስታይ ትፈራዋለች። የክለቡ ግን «ውድ ወዳጃችን» ብሎ ይጀምርና ስሟን ያስከትላል። የተረጎምኩላት እኔ ነኝ።

«ወዳጃችን አሉኝ?» ብላ ደግማ አስነበበችኝ።

«እማዬ፣ ማሽን ነው የሚጽፈው። ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ማሽኑን ጻፍ ያለው ሰው አይደለም እንዴ?» አለች።

ፓኬት ሲመጣ እጇን ታጥባ ነበር የምትከፍተው። ጀርመንኛ ማንበብ ስለማትችል መጻሕፍቱን ከነላስቲካቸው ቡፌው ላይ ትደረድራቸዋለች። ጀልባ ስለ መቅዘፍ፣ ጽጌረዳ ስለ መግረዝ፣ ስለ ወይን ጠጅ። ወይን ጠጅ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ካርዱን የምሞላው እኔ ስለነበርኩ ስመርጥም ለራሴ ነበር፤ እሷ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሙዚቃ እዘዢልኝ ስትለኝ «አልቋል» እላትና ጊታር የሚያስጮኹ ጎረምሶችን አዛለሁ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የዕድሜ ነገር ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ አይደለም፣ ክፉ ነበርኩ።

አንድ ጊዜ የወፎች ሥዕል ያለበት መጽሐፍ በስሕተት ሁለት ሆኖ መጣ። እናቴ ከሁሉም የወደደችው እሱን ነበር፤ ላስቲኩን ቀድዳ የገለጠችውም እሱን ብቻ ነው። ቢሆንም ሁለተኛውን «የእኛ አይደለም፤ ይመለስ» አለች። አድራሻውን ጻፍኩላት፣ እሷ ራሷ አሽጋ ፖስታ ቤት ወሰደችው። እራት ላይ ስንቀመጥ ፊቷ በርቶ ነበር።

«ሳጥኑ ሰፊ ነው፣ ክፍት ቦታ ነበረው» አለች። «ከመጽሐፉ ጎን ዳቦ ቆሎ ሞላሁበት።»

«ምን አደረግሽ?»

«ዳቦ ቆሎ። ሰው ልኮልሽ ባዶ ዕቃ ትመልሺለታለሽ?»

ጎረቤት በሳህን የላከው ምግብ ሳህኑ ባዶውን እንደማይመለስ እኔም አላጣሁትም። ግን ሲስቁብን ታየኝ። በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥ በጀርመንኛ ነበር የምመልስላት፤ «ሽፒንስት ዱ?» አልኳት። አበድሽ ወይ ማለት ነው፤ ለእናት አይባልም። ትርጉሙን ታውቀው ነበር። እራቷን በላች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ «ደብዳቤ የለም?» ትለኛለች። የለም እላታለሁ። ሦስት ሳምንት እንዳለፈ መጣ። በእጅ የተጻፈ፣ ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ ቆሜ ከፈትኩት።

የጻፈችው የተመለሱ ዕቃዎችን የምትከፍት ሠራተኛ ናት። በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ ትላለች፤ የተቀደደ መጽሐፍም፣ ስድብ የተጻፈበት ወረቀትም ደርሶኛል፣ የሚበላ ነገር የላከልኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ከሦስት ባልደረቦቿ ጋር በዕረፍት ሰዓት አንድም ሳያስቀሩ ጨርሰውታል። ምን ይባላል? እንዴት ይሠራል? ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ከፍራንክፈርት በባቡር ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቅዳሜ ቢመጡ ሻይ እንጠጣለን ብላ የቤቷን አድራሻ ከታች ጽፋለች።

እዚሁ አገር ስምንት ዓመት ስማር አንዲት የክፍሌ ልጅ እንኳ ቤቷ ጠርታኝ አታውቅም። ቋንቋቸውን እንደ እነሱ እናገራለሁ፣ እንደ እነሱ እለብሳለሁ፣ ቀልዳቸው ሳያስቀኝ እስቃለሁ። እናቴ ደግሞ «ቢተ» እና «ዳንከ»ን፣ እባክዎንና አመሰግናለሁን፣ ብቻ ይዛ በአንድ ሳጥን ዳቦ ቆሎ ተጋበዘች። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ስትገባ ደብዳቤው እጄ ላይ ነበር። «መጣ!» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጣቴን ከመስመር መስመር እያስኬድኩ አነበብኩላት፤ በደብዳቤው ላይ ያልነበረውን።

«ከመጽሐፍ ጋር ቆሻሻ መላክ ክልክል ነው ይላሉ። ያገኘነውን ጥለነዋል። ሁለተኛ እንዳይደገም።»

«ሁሉንም ጣሉት?»

«ሁሉንም።»

«አንድ ፍሬ እንኳ አልቀመሱም?»

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። «በጓንት አንስተው ነው የጣሉት ይላል» አልኳት።

«እሺ» አለች። ተነስታ ጫማዋን አወለቀች። ከወጥ ቤት ሆና «ከክለቡ አስወጪኝ፣ ጻፊላቸው» አለችኝ፤ ባማረ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩላቸው። መጻሕፍቱን፣ የምትወደውን የወፎቹን ሳይቀር፣ በካርቶን አድርጋ ከሕንፃው ሥር ወዳለው ዕቃ ማስቀመጫ፣ ኬለር ወደሚሉት፣ አወረደቻቸው። እኔ ደብዳቤውን የጀልባ ቀዘፋውን መጽሐፍ ላስቲክ ከጎን ሰንጥቄ አስቀድሜ ውስጡ ሸጉጬው ነበር። ለምን እንዳልቀደድኩት አላውቅም።

በዚያው ክረምት ከታች የሚኖሩ ጀርመናዊት ባልቴት ኬክ በሳህን ይዘውልን መጡ። እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ሳህኑን አጥባ፣ አድርቃ፣ ባዶውን በራቸው ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። በሕይወቷ ባዶ ሳህን ስትመልስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባልቴቷ ሁለተኛ አልመጡም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት ኬለር ውስጥ አድሮ ሻገተ። አሁን እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ደረጃው ስለከበዳት ፕሮይንገስሃይም በሚባል ሰፈር ምድር ቤት ተከራይቼላታለሁ። ዕቃዋን ሳወጣ ካርቶኑን አገኘሁት። ረስቼው ነበር አልልም፤ የት እንዳለ አንድም ቀን አልረሳሁትም።

እውነቱን እንድነግራት ያስነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በየጠዋቱ መጥታ እናቴን የምታጥባትና መድኃኒቷን የምትሰጣት ጀርመናዊት ሴት አለች። ባለፈው ሳምንት በር ላይ አቁማ «እናትሽን ያስቀየምኳት ነገር አለ?» አለችኝ። «ስገባ የምትበላውን ትደብቃለች።»

በማግስቱ ማልጄ ሄድኩ። እናቴ ዳቦ ቆሎ የሞላ ጣሳ ፊቷ አድርጋ አንድ አንድ እያለች ትቆረጥማለች። ደብዳቤውን ዘርግቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቃል በቃል እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ሦስቱን ባልደረቦች፣ ሻዩን፣ ቅዳሜውን ሁሉ። ያኔ የዋሸሁሽ ቀንቼ ነው፣ ይኸው በእጇ የጻፈችው አልኳት።

ወረቀቱን ተቀብላ ገልብጣ አየችው። ከዚያ ጉንጬን ዳሰሰችኝ።

«በስተርጅናዬ ልታስደስቺኝ ነው» አለች። «እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግን አትድከሚ፣ ልጄ። ያን ቀን ያነበብሽልኝን አልረሳሁትም።»

«እማዬ፣ ያን ቀን ነው የዋሸሁሽ!»

«ተይ፤ ያኔ ልጅ ነበርሽ። ልጅ እናቱን እንደዚያ ብሎ አይዋሽም። የምትዋሺው አሁን ነው፤ ስላዘንሽልኝ።»

ደወሉ ተደወለ፣ የምታጥባት ሴትዮ ናት። እናቴ ደንግጣ ጣሳውን ወደ እኔ ገፋችው።

«ቶሎ በይ» አለችኝ፤ «ሳታየው አንሺው።»

ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ከፎጣዎቹ ኋላ ደበቅሁት። ከዚያ ሄጄ በሩን ከፈትኩ።