የአምባዛው ጾም

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ይላሉ። አባቴ ይህን ተረት እንደ ጸሎት ነበር የሚደግመው። ዕድሜውን በባቡር ጋራዥ ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ነው። የላላ ብሎን ምን እንደሚያደርስ አይቷልና ሰውንም እስኪፈትሸው ድረስ አያምንም ነበር። ይህን ጠባይ ለእኔም አውርሶኛል፤ አልደብቅም። እስካሁን የጎረቤት ሰላምታ ከወትሮው ሞቅ ካለ «ምን ፈልጋ ይሆን?» እላለሁ።

ጡረታ እንደወጣ፣ ከአቃቂ ጣቢያ እምብዛም በማይርቀው ቤታችን ሳሎን ውስጥ የዓሣ ገንዳ ሠራ። መስታወቱ ከተጣለ ፉርጎ የተነቀለ የመስኮት መስታወት ነው፤ ሥሩ ላሜራ፣ ስንጥቁ በስቱኮ የተደፈነ። ከፋብሪካዎቹ በላይ፣ ወንዙ ገና ቀለም ሳይነካው ከሚወርድበት ቦታ የውሃ ሣር ነቅሎ አምጥቶ አሸዋው ላይ ተከለ። ሣሩ ሲይዝ ያ ደብዛዛ ሳሎናችን ደስ የሚል አረንጓዴ ጥግ አገኘ። ችግሩ፣ አባቴ ማንን እንደሚያስገባበት መወሰን አቃተው።

ልጁን የሚድር ይመስል ነበር። ማን ከማን ጋር ይስማማል፣ ማን ሣር ይነቅላል፣ ማን የማንን ጭራ ይነክሳል? መጀመሪያ የገቡት ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ መስታወቱ ላይ የሚወጣውን አረንጓዴ ዝቃጭ እየላጉ ይበላሉ፣ ማንንም አይነኩም። ከወንዙ ያመጣውን ሸርጣን ግን ገና በሳፋ እንዳለ አይቶ «እጀ ረጅም ነው» ብሎ መለሰው። ከቢሾፍቱ ሐይቅ የመጣ ትንሽ የቆሮሶ ዓሣ በገባ ማግስት ሣሩን ከነሥሩ ገለበጠና «ቤት አፍራሽ» ተብሎ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም አዲስ ገቢ በደጃፉ ሳፋ ውስጥ ሳይከርም፣ አባቴም በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ጠባዩን ሳያጠና ገንዳው ውስጥ አይገባም ነበር።

እኔን የሚፈልገኝ ሰው ወደ ቤታችን የገባው በዚሁ በዓሣ በኩል ነው። በድሬዳዋው ባቡር ላይ ቲኬት ቆራጭ ነበር። ሞጆ ያለች እህቴን ልጠይቅ ስመላለስ ተዋወቅን፤ ስለ አባቴ ገንዳ ስነግረው አላሾፈም። በሌላ ጊዜ ክዳኑ በሚስማር በተበሳሳ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከአዋሽ ትናንሽ ብርማ ዓሦች ይዞ በራችንን አንኳኳ። አባቴ ዓሦቹን በሳፋ፣ ሰውየውን በሳሎን ወንበር አስቀምጦ ሁለቱንም መረመረ። ዓሦቹ አለፉ። ሰውየው ላይ ፍርድ አልተሰጠም፤ ግን ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ጎራ እንዲል ተፈቀደለት።

አንድ ቀን ጣት የማታህል አምባዛ አመጣ። ጥቁር፣ ጢማም፣ ሣር ውስጥ ገብታ ዝም የምትል።

«ጋሼ፣ ይቺ ከጠገበች ጎረቤት አትነካም» አለው። «ጉበት ቢጤ ጣል ያድርጉላት እንጂ አያስርቧት።»

አባቴ በሳፋው ውስጥ ጉበት እያበላ፣ አንድ ብርማ ዓሣ ጎኗ ጨምሮ ጠበቃት። ንቅንቅ አላለችም። «ጨዋ ናት» ብሎ አስገባት።

ቤቱን የምትመራው የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ናት። እሷም ገንዳውን በጎን አየት አድርጋ «ጢም ያለው ሁሉ ሽማግሌ አይደለም» አለች። ነገሩ ወደ ሰውየው መሆኑ ገብቶኛል። ለእኔ ያሰበችው ሳሪስ መጋዘን ያለውን አንድ የእህል ነጋዴ ነበር። እኔ ግን ቲኬት ቆራጩን ወድጄዋለሁ። ፋሲካ ሲያልፍ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተን ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አክስቴ እንደ ልማዷ ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ ቢላዋውን በአመድ ፈትጋ የቅቤና የሥጋ ሽታ አጠፋች። አባቴ ለዓሦቹ ጉበት ሊከትፍ ቢላዋ ቢጠይቃት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«በሁዳዴ በእኔ ቢላዋ ጉበት? እነሱስ በማን ቤት ነው ያሉት? የክርስቲያን ቤት ዓሣ ነው፤ ይጹማ!»

ሥጋ ቤቱም ተዘግቷል። ደግሞ አባቴ ነገሩን ሲያስበው ደስ ያለው መሰለኝ፤ እሱ ጾሞ ዓሣው ጉበት መብላቱ ሳይከነክነው አልቀረም። ስለዚህ የዳቦ ፍርፋሪና የአተር ዱቄት ይበትንላቸው ጀመር።

ጾሙ ሲጋመስ ብርማዎቹ ዓሦች መመናመን ጀመሩ። ትናንት ሣሩ ላይ ሲርመሰመሱ የነበሩት ዛሬ ሳሱ። ቀንድ አውጣዎቹም ባዶ ቀፏቸው አሸዋው ላይ ቀረ። ሬሳ ግን የለም።

«የሞተ ዓሣ ይንሳፈፋል» ይላል አባቴ፣ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ። «የታለ የተንሳፈፈው?»

ቤታችን ውስጥ ሰላም ጠፋ። አክስቴ የጎረቤቱን ድመት ጠረጠረች፤ ገንዳው ግን ክዳን አለው። እኔ አክስቴን ጠረጠርኩ። እኛ ስንወጣ ሳሎኑን የምትጠርገው እሷ ናት፤ የቲኬት ቆራጩ ዓሦች ሲያልቁ የሚጠቀመው የእህሉ ነጋዴ ነው። ሰበብ ፈልጌ እጇን ስሜ አሸተትኩት። ሽንኩርት ብቻ ነበር። እሷም «ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?» ብላ በተራዋ እኔን ጠረጠረችኝ።

የአባቴ ጥርጣሬ ከሁላችንም ይከፋ ነበር። ሰውየው የመጣ ቅዳሜ ቆርቆሮውን ተቀብሎ፣ ከፍቶ፣ ረጅም ጊዜ አየው።

«ይቺን ዓሣ አውቃታለሁ» አለ።

ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«አትሳቅ። ክንፏ ሥር ያለውን ነጥብ አውቀዋለሁ። ከገንዳዬ ትወስዳለህ፣ መልሰህ እንደ አዲስ ታመጣልኛለህ። ሁለተኛ እግርህ ቤቴን እንዳይረግጥ!»

«ጋሼ፣ እኔ ሌባ ነኝ?»

«እኔ አላልኩም፤ አንተ አልክ። ቆርቆሮህን ይዘህ ሂድ። ሽማግሌም እንዳትልክ።»

ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ወደ እኔ ዞር ብሎም አላየም። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የሚያሳፍረው ነገር፣ እያለቀስኩ ጥርጣሬው እኔም ውስጥ ገባ። ቆርቆሮው ከእጁ አይለይም። ሁልጊዜ ገንዳው አጠገብ ነው የሚቀመጠው። እውነት ቢሆንስ? ልቤ ለሁለት ተከፈለና ተናደድኩ፤ በአባቴም በራሴም።

የስቅለት ዕለት ስንሰግድ ውለን ከቤተ ክርስቲያን ከሁሉም ቀድሜ ተመለስኩ። ገንዳው ፊት ተቀመጥኩ። ቤቱ ጭር ብሏል። ሣሩ ተነቃነቀ። አምባዛዋ በዝግታ ወጣች፤ ለካ ጣት የምታህለዋ አሁን ክንድ ልታህል ምንም አልቀራት! ከአፏ ዳር አንዲት ብርማ ጭራ ወጥታ ትንፈራገጥ ነበር። ቀስ ብላ ዋጠቻትና ተመልሳ ሣሯ ውስጥ ጢሟን ዘርግታ ተኛች። በስቅለት ቀን!

አባቴ ከነጋቢው ሲገባ የመጨረሻዋ ብርማ ዓሣ አንድ ጥግ ተለጥፋ ነበር። የሆነውን ነገርኩት።

«እሱ ነዋ ያመጣት!» አለ ወዲያው።

«እሱማ እንዳታስርባት ነግሮህ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አስጾማችኋት።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ አምባዛዋን አየ። ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር፤ አላወቅሁትም።

«ጠግቦ ጨዋ ያልሆነ ማን አለ?» አለ ጋቢውን እያጣፋ። «እኔም የፈተንኳት ጠግባ ነው።»

ሌብነቱ ግን ከሰውየው ላይ ተነሳ። አባቴ ይቅርታን በቃል ባይልም፣ «ሽማግሌዎቹ ይምጡ» ብዬ እንድልክበት ፈቀደ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሦስት የባቡር ሰዎች መጡ። እኔ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ዘሩን፣ ሥራውን፣ ጠባዩን አመስግነው ሲያበቁ አባቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«ሲርበው ምን ያደርጋል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «እሱማ ሲርበውም አይናገርም፤ ዝም ነው የሚለው» አለ፣ ያመሰገነው መስሎት።

መጋረጃውን ጨበጥኩት። አባቴ ወደ ሣሩ ዞር ብሎ አየ።

«የሚመጣውን ሁዳዴ እዚህ፣ ከእኛ ጋር ይጹም። ከዚያ ትመጣላችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ሙሉ ዓመት! አባቴን ስንት ቀን ሳላናግረው ከረምኩ። ሰውየው ግን ተቀበለ። በሁዳዴው ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ሳይበላ ሳይጠጣ ይመጣና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእኛ ጋር ይቀመጣል። አባቴ ፊት ለፊቱ በርጩማውን ስቦ ሳፋ ውስጥ እንዳለ ዓሣ ያየዋል። ሰውየው ዝም። እኔም በመጋረጃው ቀዳዳ አየዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እፈትነው ነበር።

አምባዛዋ በዚያን ጊዜ ገንዳው ጠቧት ግቢያችን ባለው ግማሽ በርሜል ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ብቻዋን። የፋሲካ ጠዋት በግ ታርዶ ሳለ ሰውየው ሌሊቱን ሲጓዝ ካደረ ባቡር ወርዶ በቀጥታ መጣ። ገና አልገደፈም፤ ከንፈሩ ደርቋል። አክስቴ ትኩስ ጉበት በሳህን ሰጠችው። ሳህኑን ይዞ ወደ በርሜሉ ሄደ፤ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ለአምባዛዋ ጣለላት፤ ውጣ እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃት፤ ከዚያ ጎረሰ።

አባቴ በረንዳው ላይ ነበር። ወደ ቤት ገብቶ «ሽማግሌዎቹን ጥሪያቸው» አለኝ።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ባቡሩም ቆሟል። እኔና ቲኬት ቆራጩ አብረን አርጅተናል። አንድ ነገር ግን ዛሬም ይከነክነኛል፤ አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ እያየው እንደነበር ባሌ ያን ጠዋት ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? በየፋሲካው እጠይቀዋለሁ። ጉርሻውን አስቀድሞ ለእኔ ዘርግቶ፣ «አንቺ ምን ይመስልሻል?» ይለኛል።