ዩራኒየምን በቡና ያስረዳሁበት ቀን

ልጅቷን እንዲጠይቁልኝ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ከቴፒ ይዘውልኝ የተመለሱት መልስ እሺም እንቢም አልነበረም፤ «ልጁ ይምጣና እንየው» የሚል ነበር። መታየት ለእኔ ብጤው አንባቢ መመርመር ነውና፣ ከሚዛን ከተማ ኮቴን ለብሼ፣ ከረባቴን አጥብቄ ተነሣሁ። ቴፒ ስደርስ ሙቀቱ ክብሬን በላብ አጥቦት ነበር።

የልጅቷ አባት ቡና ነጋዴ ናቸው። ከምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። እናትና ልጅ ለቀማውን ሊጨርሱ ተቃርበው ነበር፤ ንጹሑ ቡና በሸራ ላይ ተከምሯል፣ ጥቁሩ፣ ስባሪውና ነቀዝ የበላው በሰፌድ ተለይቷል። ገዢው አመሻሽ ላይ ይመጣል።

«አንባቢ ነው ይሉሃል» አሉ አባትየው። «አሁን ምን ታነባለህ?»

ጤነኛ ሰው ቢሆን «መጽሐፍ ቅዱስ» ይል ነበር። እኔ ግን «ስለ ኑክሌር ጦር መሣሪያ፣ በተለይም ስለሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች» አልኩ።

«ታዲያ እኛ ቤት ምን ልታደርግ መጣህ?»

ቀልዱን እንደ ጥያቄ ወሰድኩት። ከመሬት የሚወጣው ዩራኒየም አብዛኛው ለቦምብ እንደማይበጅ፣ ተፈላጊው ዓይነት በውስጡ በጥቂቱ ተበትኖ እንደሚገኝ አብራራሁ። ምሳሌ ሳይኖር ትምህርት የለም ብዬ ስለማምንም፣ ተነሥቼ የሰፌዱን ግርድ በንጹሑ ክምር ላይ ገለበጥኩና በሁለት እጄ አማሰልኩት።

«የተፈጥሮ ዩራኒየም እንግዲህ ይህ ነው! ቦምብ ሠሪው የሚፈልገው ጥቁሩን ነው።»

«ኧረ ጌታ ሆይ!» አሉ እናትየው።

አባትየው ክምሩን አዩ፤ እኔን አዩ። «ቦምብ ሠሪዎቹ ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋሉ?»

«ይለያሉ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ለይ።»

ኮቴን አውልቄ ተንበረከክሁ። ዩራኒየሙን ለመለየት ብቻ ግዙፍ ፋብሪካዎች እንደተሠሩ ሳነብ በአንድ ገጽ አልፌው ነበር፤ አሁን ወገቤ አስተዋለው። አፌ ግን አልተማረም። በሂሮሺማ ላይ የተጣለው ቦምብ ከዩራኒየም፣ በናጋሳኪ ላይ የተጣለው ከፕሉቶኒየም እንደተሠራ፣ ፕሉቶኒየምም ራሱ ከዩራኒየም እንደሚገኝ እየለቀምኩ ቀጠልኩ።

ልጅቷ ከቡናው ቀና ሳትል፣ «ከተሞቹ ውስጥ ሰው አልነበረም?» አለችኝ።

«ነበረ እንጂ። እጅግ ብዙ።»

«ስለ ብረቱ ከምሳ ጀምሮ ነግረኸናል። ስለ እነሱ አንድ ቃል አልተነፈስክም።»

የማውቀውን ፈለግሁ። ማለዳ ለሥራ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ልጆች ነበሩ። የተቃጠሉ ነበሩ። ምንም ሳይቆስሉ ተርፈው፣ ጨረሩ ውስጣቸውን ስለጎዳው በኋላ የሞቱ ነበሩ። ይህን ስናገር ድምፄ ከመድረክ ወርዶ እንደ ሰው ድምፅ ሆነ። እናትየው ለቀማውን አቁመው አዳመጡ። አባትየው በርጩማቸውን ስበው ከእኛ ጋር መልቀም ጀመሩ።

ገዢው ሲደርስ ክምሩ ጠርቶ ነበር፤ ማለትም ጠርቶ መስሎን ነበር። ሰውየው እጁን ሰዶ አንዲት ጥቁር ፍሬ አወጣና ወደ ላይ አነሣት።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ዩራኒየም ናት» አሉ አባትየው ፈገግ ሳይሉ። «ልጃችን ነው የጨመራት።»

ከሳይንሱ አንጻር አባባላቸው አንድ እርማት ይሻ ነበር፤ በምሳሌዬ መሠረት ክምሩ ሁሉ ዩራኒየም ነው፣ ፍሬዋ ተፈላጊው ዓይነት ብቻ ናት። ነገር ግን «ልጃችን» ሲሉ ሰምቻለሁና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እርማቴን ዋጥሁት።