ከግድግዳው ማዶ ያለው አድማጭ

ኮልፌ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ እሠራ ነበር። ሥራዬ ስልክ መቀበልና ድምፅ መቆጣጠር ነው፤ ማይክ ፊት ተቀምጬ አላውቅም፣ እንድቀመጥም አልፈለግሁም። የከሰዓቱ ፕሮግራማችን የሰፈር ሰዎችን በስልክ ያገናኛል። ከቤቴል የደወለ ይናገራል፣ ከቆሼ የደወለ ይመልስለታል፣ ከገበያው አንዱ ሳይጠሩት መሃል ይገባል፣ አዘጋጁም እየሳቀ ያስታርቃል።

የተከራየሁት ክፍል ከገበያው ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። ከግድግዳዬ ማዶ ባልና ሚስት ይኖራሉ። ባልየው የኛን ጣቢያ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ነበር የሚሰማው። ይህን ለአዘጋጁ ነግሬው ስለነበር በየስብሰባው ያነሳው ጀመር። «ግድግዳ የሚያናውጥ አድማጭ አለን» ይላል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን እረፍት ወጥቼ ቤት ዋልኩ። ፕሮግራሙ ሲጀምር ሬዲዮው ጮኸ። ወዲያው በራስጌዬ በኩል ግድግዳው ተመታ፤ ልስኑ ረግፎ ትራሴ ላይ ወረደ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመታ ጭንቅላት መሆኑ ገባኝ። ቡጢ እንደዚያ አይሰማም።

በሬን ከፍቼ ወጣሁ። አከራያችን፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት፣ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«እማማ፣ እየደበደባት ነው እኮ።»

«ሬዲዮ ሲጮህ ነው የሚመታት። አሁን ገና ሰማሽ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ስንቴ አንኳኳሁ መሰለሽ። ሰፈሩን ብጠራስ ማን ምን ሰምቶ ይመጣል? ውጭ የሚሰማው የናንተ ሳቅ ነው።»

ሄጄ አንኳኳሁ። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ላቡን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ፈገግ አለልኝ።

«የሬዲዮዋ እህቴ፣ ጮኸብሽ እንዴ?»

ከኋላው ሚስቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች። ዓይኔን ተከትሎ ዞር አለ። «ወድቃ ነው» አለና በሩን ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ቧንቧው ጋ አገኘኋት። ፖሊስ ጋ አብሬሽ ልሂድ ብዬ ለመንኳት። የሞላውን ጄሪካኗን ከቧንቧው ሥር ሳበችና፣ «እንደምሄድ ካወቀ ዛሬውኑ ይገድለኛል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ሥራ ላይ ነበርኩ። ከቤቴል የደወለች ሴት የቆሼ ሽታ ልጆቿን እንዳሳመመባት በምሬት ትናገራለች። በሌላው መስመር እዚያው ቆሼ ላይ ቆሻሻ እየለየ የሚኖር ሰው ገብቷል።

«እመቤት፣ እኛ ሽታ አንፈበርክም» አላት። «የላካችሁልንን ነው የምናሸተው። ትናንት ዳይፐር ደርሶኛል፤ ምናልባት የእርስዎ ልጅ ይሆናል።»

«ስሜን አየህበት?»

«ስምዎን ባላይም ሰፈርዎን አውቄዋለሁ። የኛ ሰፈር ሰው ዳይፐር አይገዛም።»

አዘጋጁ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። በዚህ መሃል ሌላ ስልክ ጠራ። አከራዬ ናቸው። ስለ ሰፈራችን ቦይ ለማማረር ብዙ ጊዜ ይደውሉ ስለነበር እንደ ልማዴ፣ «እማማ፣ መጀመሪያ ሬዲዮኑን ይቀንሱልኝ» አልኳቸው።

«የኔ ዝግ ነው። የሱ ነው።»

አዳመጥኩ። አሁን የሰማሁት የቆሼው ሰው ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ በስልኩ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ከሥሩ ሌላ ነገር አለ፤ እርጥብ ምንጣፍ በዱላ ሲመታ የሚያሰማው ዓይነት፣ ሳያቋርጥ።

«ከውስጥ ቆልፎታል» አሉኝ። «ኡኡ ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ስትጮህ ነበር፤ አሁን አትጮህም።»

«ፖሊስ፣ እማማ፣ ፖሊስ ልጥራ?»

«እስኪደርሱ ትሞታለች። ጣቢያችሁ ማጥፊያ የለውም እንዴ? አጥፊው በቃ።»

ሬዲዮ ቤት ውስጥ ከዝምታ የከፋ ጥፋት የለም። አዘጋጁ ሳል ቢይዘው እንኳ ሙዚቃ እለቃለሁ። የሚክሰሩን ቁልፎች ሁሉ ወደ ታች ሳብኳቸው።

በስልኩ ውስጥ ሬዲዮው ቀጥ አለ። ዱላው ግን አልቆመም። አሁን ለብቻው ይሰማል፤ የሰውዬው ማለክለክም ይሰማል። በሬዲዮው ጩኸት ውስጥ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ዝምታው ውስጥ ጨረሰው፤ «አንገትሽን ነው የምቆርጠው» ሲል መንደሩ በሙሉ ሰማው። ራሱም የሰማ ይመስለኛል፤ ዱላው ቆመ። እማማ ያን ጊዜ ኡኡታቸውን ለቀቁት። ከግቢያችን አጠገብ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት መጋዝ ጸጥ አለ።

አዘጋጁ ከስቱዲዮው ሮጦ ወጣ። «ምን ሆነሻል? አየር ላይ ምንም የለም» እያለ እጄን ከቁልፎቹ ላይ ሊያነሳ ታገለኝ። ደረቱን ይዤ ገፈተርኩት፤ ከወንበር ጋር ተላትሞ ወደቀ። በስልኩ ዘፈን መጣ። ሰውዬው ሌላ ጣቢያ ማግኘቱ ነው። ግን በዘፈኑ ላይ የብዙ ሰው ሩጫ፣ ቀጥሎ የበር ሳንቃ ሲሰነጠቅ ተሰማኝ።

በታክሲ ስደርስ ሰውዬው ከቧንቧው ብረት ጋር በገመድ ታስሯል። እንጨት ሠራተኞቹ በሩን የሰበሩበት መጥረቢያ እግሩ ሥር ወድቋል። አገጩ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፤ አንዱ ልጅ አሁንም ሆዱን ይረግጠዋል። እማማ መሃል ገብተው፣ «በቃ። ለፖሊስ ይድረስ፣ አስከሬን አይፈረድበትም» ይላሉ። ሰውዬው ሲያየኝ ደም ተፋና፣ «ዛሬ መብራት ጠፋባችሁ?» አለኝ።

እሷን ከአልጋ ሥር ነው ያወጧት። ግራ ክንዷ መታጠፍ በሌለበት በኩል ታጥፏል፤ ከአንድ ጆሮዋ የሚወርደው ደም ቀሚሷን አርሶታል። በሰው ጀርባ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በታክሲ ቤቴል ወዳለ ክሊኒክ ወሰድናት። እዚያው አደረች፤ ባልየውን ፖሊስ ወስዶታል።

ጠዋት የክንዷ ጀሶ ገና ሳይደርቅ የባልየው አጎት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። አልጋዋ አጠገብ ቆመው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሹክሹክታ ጀመሩ።

«አልሰማም» አለቻቸው። «ጆሮዬን አፈንድቶታል። ጮክ በሉልኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገ።

«አልሰማሁም፣ አባቴ።»

«ክሱን አንሺለትና ታረቂው» ብሎ በመጨረሻ ጮኸ። «ተናዶ ነው፣ ልጄ።»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ወለል የምትወለውለው ሴት መወልወያዋን ተደግፋ ቆመች። እግሯን የተሰቀለችው በሽተኛ ከማዶ፣ «አባባ፣ ክንዷን ሳያዩ ነው የመጡት?» አለች።

«የቤተሰብ ነገር ነው» አለ አጎትየው።

«እነሱም አልሰሙም መሰለኝ» አለች ጎረቤቴ። «ደግማችሁ ንገሯቸው።»

ሽማግሌው ባርኔጣውን ከአልጋው ጫፍ አነሳ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ኮሪደሩ ላይ እርስ በርስ ሲካሰሱ ይሰማናል።

ሽማግሌዎቹ ቆመው በነበሩበት በኩል ሄድኩና እንደነሱ ጎንበስ ብዬ፣ ማንም እንዳይሰማን በሹክሹክታ፣ ከዚህ ስትወጣ የት እንደምትሄድ ጠየቅኳት።

«እህቴ ጋ፣ አየር ጤና» አለችኝ ፊቷን ሳታዞር። «ልብሴን ግን አንቺ አምጪልኝ።»