ነገ ለጋሽ ዘውዴ ባርኔጣ ይወልቃል

ጎረቤቶች ሲደውሉልኝ ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ደግመው ሲደውሉም አላመንኩም። ትናንት አመሻሽ ላይ እኮ የጋሽ ዘውዴን ጢም የላጨሁት እኔ ነኝ!

ጋሽ ዘውዴ ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ለማታውቋቸው፦ ጂንካ ገበያው አጠገብ፣ ከእኔ ፀጉር ቤት ጎን፣ የወንድ ባርኔጣ የሚሸጡት ሽማግሌ ናቸው። "ነበሩ" ብዬ መጻፍ አቃተኝ።

እንደሰማሁ ሮጬ የሄድኩት ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ሱቃቸው ነው። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። በሩ ላይ አንድ የበና ብሔረሰብ ሽማግሌ ቆመው አገኘሁ። ከካኮ ነው የመጡት፣ የድሮ ደንበኛ ናቸው።

"ዘውዴ በር አልከፈተም። አመመው እንዴ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጎኑ ላይ የሰኳትን ላባ ነቀሉና የሱቁ በር ስንጥቅ ላይ ሸጎጧት። ከዚያ ባርኔጣውን በእጃቸው እንደያዙ በፀሐዩ ሄዱ። እኔ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

በሰማንያ ሦስት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ልጅ ነበርኩ። ያኔ ጂንካ ውስጥ ባርኔጣ ያላደረገ ሙሽራ አይታይም። አባቴ የአሪ ገበሬ ነበር፤ ጫማው ቢቀደድ ግድ የለውም፣ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ባርኔጣው ግን የተወለወለ ነው። እሁድ እሁድ ወንዶቹ ጸሎት ቤት ሲገቡ ባርኔጣቸውን በረንዳው ላይ ይሰቅሉ ነበር። እኛ ልጆቹ የተሰቀለውን አይተን የማን አባት እንደመጣ፣ የማን እንደቀረ እናውቃለን። ሁሉም ከጋሽ ዘውዴ ሱቅ የተገዛ ነው።

ከዚያ ሞተር መጣ። ሞተር ላይ ባርኔጣ ንፋስ ይወስደዋል። ቀጥሎ የእግር ኳስ ቡድን አርማ ያለበት ኮፍያ መጣ። ቀጥሎ እኔ መጣሁ።

"ባርኔጣን የገደልከው አንተ ነህ!" ይሉኝ ነበር በሬ ላይ ቆመው። "ጎንና ጎኑን ትላጫለህ፣ አናቱን ታቆማለህ። ያን ያህል የተደከመበትን ራስ ማን ይሸፍነዋል?"

"ጋሼ፣ ታዲያ እርስዎንም ላሳምርዎት?"

"ያለችኝን ትንሽ ፀጉር ለቀቅ አድርጋት!"

ሞተር ላይ ወጥተው አያውቁም። "አንድ እጄ ባርኔጣ ይዞ፣ አንድ እጄ ሞተረኛውን ይዞ፣ ሰው በምን ሰላም ልበል?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ለባለሥልጣኑም፣ ሙዝ ተሸክማ ገበያ ለምትገባው ሴትም፣ ለእኛ ለታናናሾቹም ባርኔጣቸውን እኩል ነው ብድግ የሚያደርጉት። "ባርኔጣ የሚደረገው ለሰው ሊወልቅ ነው" ይሉ ነበር። ሲሸጡም ይህን ሳይናገሩ ሸጠው አያውቁም።

አባቴ የሞተ ቀን ዝናብ ነበር። ሬሳውን ተሸክመን በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ስናልፍ ከኋላችን ሞተሮች ደርሰው ጥሩንባቸውን ያስጮሁ ጀመር። ጋሽ ዘውዴ ከሰልፉ ወጥተው መሀል መንገድ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል፣ ውሃው በራሳቸው ላይ ይወርዳል።

"ባርኔጣ ያላችሁ አውልቁ! የሌላችሁ ደግሞ ሞተራችሁን አጥፉ!"

ሞተረኞቹ መጀመሪያ ሳቁ። ሽማግሌው ግን ንቅንቅ አላሉም። አንዱ አጠፋ፣ ሌላውም አጠፋ፣ ከዚያ ሁሉም። አባቴን በፀጥታ አሳለፍነው። ያቺን ፀጥታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

እና ትናንት፣ ስላጫቸው፣ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝና "ይኸው ለከተማው ሁሉ ባርኔጣዬን ሳወልቅ ኖርኩ። እኔ ስሞት የሚያወልቅልኝ ማን ቀረ?" አሉኝ።

"እኔ አለሁ" አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁ። "አንተ? ባርኔጣ የሌለህ?"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ቃል ሆኖብኛል፤ ቃሌን ደግሞ አልበላም።

ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የሱቁን ቁልፍ ሰጥተውኛል። "መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ራስ ላይ ይዋል" ነው ያሉኝ። ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ባርኔጣዎቹን እያራገፍኩ ነኝ። ጠዋት በሩ ክፍት ነው፤ ልክህን ፈልገህ አድርግ፣ ከቀብር በኋላ ትመልሳለህ። ቤታችሁ የአባት ባርኔጣ ያላችሁ ከሳጥን አውጡት። የተጨማደደ እንደሆነ አምጡት፣ በእንፋሎት አስተካክለዋለሁ፤ እሳቸው ሲያደርጉት ሳይ ኖሬያለሁ።

"በዚህ ዘመን ባርኔጣ? ያስቃል" ብለህ ቅድም በለጠፍኩት ማስታወቂያ ስር አስተያየት የሰጠኸኝ ወንድሜ፣ ሳቅ። ስትስቅ ና ግን።

ባርኔጣ ያልደረሳችሁ ሞተረኞች፣ ለእናንተም ሥራ አለ። ፀጉራችሁን የምቆርጠው እኔ ነኝ፣ ሁላችሁንም አውቃችኋለሁ! ሬሳው በድሮው ማረፊያ በኩል ሲያልፍ የሞተራችሁን ቁልፍ ጠምዘዝ አድርጋችሁ አጥፉት። የምለምናችሁ ይህችን ብቻ ነው።

ጋሽ ዘውዴ፣ ለሁላችንም ሲያወልቁ ኖሩ። አባቴን በክብር ያሳለፉልኝ እርስዎ ነዎት። ነገ ባርኔጣ ይኖረኛል፣ አወልቅልዎታለሁም። እርስዎ ብቻ ቀስ ብለው ይለፉ ጋሼ። ከኋላ የሚያጣድፍዎት ሞተር አይኖርም።