በቡና ለቀማ የሚጠፋው ሰው

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሐኪም ነኝ፤ ቀጠሮ የሚያሳልፍ ታካሚ ደግሞ ያናድደኛል። በቀደም፣ በየቀኑ የሚዋጠውን የኤችአይቪ ክኒን ተክቶ በሁለት ወር አንዴ ስለሚሰጠው መርፌ ሐሳባችሁን ጻፉ ተብሎ ለሐኪሞች ቅጽ ታደለን። እኔም «ለእኛ አካባቢ አይሆንም፤ ቡና ለቀማ ሲደርስ ታካሚዎች ይጠፋሉ» ብዬ ጻፍኩ።

ቅጹን ሳላስረክብ ጋሽ ወልዴ ገቡ። ጎረቤት እንዳያያቸው ብለው ከጌጫ ድረስ እየመጡ ስድስት ዓመት የታከሙ ገበሬ ናቸው። መርፌው ቢመጣ ይወስዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ክኒኑን ባዶ የንብ ቀፎ ውስጥ መደበቅ ከቀረልኝማ እሰየው ነው!» አሉ።

«በለቀማ ጊዜስ? ቀጠሮ ካለፈዎት እኮ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ዶክተር፣ እኔ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። አምና በኅዳር መጥቼ ያጣሁት አንተን ነው። ‹ቡናውን ሊያስለቅም ቴፒ ወርዷል› አሉኝ።»

የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ግን ቂም የለባቸውም፤ «ለመሆኑ ዘንድሮስ ፍሬ ያዘልህ?» ብለው ከልባቸው ጠየቁኝ።

«ይዟል» አልኳቸው። ከዚያ ቅጹን ሳብ አድርጌ «ታካሚዎች» የሚለውን ሰረዝኩና «ሐኪሞች» ብዬ ጻፍኩበት።